የጃርሶ እናት ዝምታ

ይድረስ ለታፈሰ፣ ለጽጌ አባት፣ ለኔው ሰው።

እንደ ደብዳቤ ወጉ «እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ላንተ ግን አልዋሽም። በፊልቱ መንገድ መኪናችሁ ተገልብጦ ከተለየኸን ወዲህ የነገሌ ሁለቱም ዝናብ መጥቶ አልፏል። ዓመት ሞላህ ማለት ነው። እኔም ደህና አይደለሁም።

ከካምፑ ቤት ወጥተናል። ቤቱ ለወታደር እንጂ ለሟች ሚስት አይደለም ተባልን። አሁን ከብት ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን አለን። ጽጌ አድጋልሃለች፤ የትምህርት ቤት ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ሆኗል። ኦሮምኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። እሷ ከአጥር ወዲያ ከጎረቤት ጋር ስታወራ እኔ ከአጥር ወዲህ ጆሮዬን አቁሜ ስሜን እፈልጋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ስል አንተ ትስቅብኝ አልነበር? ሳቅ እንግዲህ።

ከሰው የምደብቀውን ላንተ ልንገርህ። ከብት ወደ ቤት በሚገባበት ሰዓት በሩ ላይ ትስላለህ። ከሥራ ስትመለስ መጥቻለሁ ለማለት የምትስላት ያቺው ሳል ናት። ተነሥቼ እከፍታለሁ፤ አቧራ ብቻ ነው።

ይህን ሰው እንዳያውቅብኝ ነው ጭንቀቴ። አእምሮዋ የተነካውን የእህትህን ነገር መቼ ረሳሁት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ የሚተርተው አገራችን ወሎ እሷን ጓዳ ደብቆ ለእንግዳ «አክስቷ ዘንድ ሄዳለች» ይል ነበር። እንግዳው ጠላውን እየጠጣ ከመጋረጃው ጀርባ ስታንጎራጉር ይሰማታል፤ እንዳልሰማም ይሆናል። አንተ ጋጣ ገብተህ አለቀስክ። ማየቴን አልነገርኩህም ነበር።

አሁን ተራው የኔ እንዳይሆን ፈራሁ። ያገራችን ልጆች፣ የካምፑ ሴቶች፣ «እግዜር ያጥናሽ» እያሉ ሲመጡ የሚያዩት ፊቴን አይደለም፤ እጄን ነው፤ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ። የጓደኛህ ሚስት ብርቄማ ሳልጠይቃት በወታደር መኪና ወደ ደጋ ጠበል እንደምታሳፍረኝ፣ ጽጌንም እሷ እንደምትይዝልኝ ነገረችኝ። ምን አይታብኝ ነው? ልጄንስ ለምን ፈለገቻት? ከዚያ ወዲህ ስትመጣ እስቅላታለሁ። ሳቁ ራሱ ሳይበዛ አልቀረም።

ከሁሉ የባሰችብኝ ግን ወተት ሻጯ ጎረቤቴ የጃርሶ እናት ናት፤ ቦረና ናት። ጠዋት ጠዋት ትመጣና «አካም? ናጋ? ልጅቷ ናጋ? ቤቱ ናጋ? ዶሮዋ ናጋ?» እያለች ሰላም መሆኑን ለመጠየቅ ያለኝን ሁሉ አንድ በአንድ ትጠራዋለች። በዓይኗ ሰው የምትበላ መሰለችኝ። ናጋ፣ ናጋ ብዬ ቶሎ እጨርስላታለሁ። እሷ ግን አትሄድም። ትቀመጥና ዝም ትላለች። ምን እየጠበቀች ነው? ወተቷን አስቀድሜ ለድመቷ አስቀምሳለሁ። ድመቷ ወፈረች።

ባለፈው ሳምንት ጫማህን ስወለውል አንድ ወሬህ ትዝ አለኝ። አዲስ እንደመጣን ጠረፍ ላይ ያገኘኸው ቦረና ሽማግሌ። ከብቱም፣ ልጁም፣ አገሩም ናጋ ነው ብሎህ፣ ከዚያ ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ ቆይታችሁ፣ በመጨረሻ ጠዋት ልጁን መቅበሩን ነገረህ። እነሱ ዘንድ ወሬው የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው፣ ቸኩሎ የተነሣ ሳይሰማ ይሄዳል ብለኸኝ ነበር። እኔ ያኔ ምን ያለው ውሸታም ሽማግሌ ነው ብዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ የጃርሶ እናት መጣች። ናጋ ተባባልን። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብዬ፣ ዝም ብዬ፣ ታፈሰ በሩ ላይ ይስላል አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ጽጌን የሚወስዱብኝ መሰለኝ። እሷ ግን አልደነገጠችም፤ ወደ ጠበል ሂጂም አላለችኝም። በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ብቻ በገበያ አማርኛዋ ጠየቀችኝ። የዚያኑ ዕለት ከብቱ ሲገባ በርጩማዋን ይዛ መጣችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እነሱ ዘንድ ሐሳብ የያዘውን ሰው ብቻውን አይተዉትም አለችኝ ጽጌ፣ ከአጥር ወዲያ ሰምታ። እኛ ደግሞ ሰው እንዳያየው ብለን ብቻውን እንተወዋለን።

ከዚያ ወዲህ አልቀረችም። እኔም ወተቷን ለድመቷ ማስቀመሱን አልተውኩም።

ትናንት ግን አልሳልክም። ሁለታችንም ጆሯችንን አቁመን ጠበቅንህ። ሲጨልም የጃርሶ እናት «ናጋ» ብላ በርጩማዋን አንሥታ ሄደች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩባት። አንተን አባረረችብኝ፣ ወሰደችብኝ አልኩ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጽጌም መጥታ አብራኝ አለቀሰች። ከቀበርንህ ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው።

ይህን የምጽፍልህ ለዚህ ነው። ሳልህ ቢጠፋ ረሳችኝ ብለህ እንዳትጠረጥረኝ። መጠርጠሩን ለኔ ተወው። ከብቱ ሲገባ ዛሬም በሩን እከፍትልሃለሁ፤ ብትስልም ባትስልም።

ያንተው፣
የጽጌ እናት