የተደበቀውን ማሽን ለፍርድ ያቀረቡት፦ የወይዘሮ አርዴሊያ ማክሌሞር ትሬድዌል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አርዴሊያ ከአባታቸው ከአቶ ዋርድል ማክሌሞርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦዜላ ፋይፈር በሚሲሲፒ ዴልታ፣ በሃርሎው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1939 ተወለዱ። ወላጆቻቸው ጥጥ ለቃሚዎች ስለነበሩ ታናሽ ወንድማቸውን ሆሴያን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ልጁ እናቱን ትቶ "እታለም፣ እታለም" እያለ እሳቸውን ይከተል እንደነበር የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ።

በሃርሎው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ጃክሰን ኮሌጅ ገብተው፣ ሕግ ለማጥናት ወደ ዋሽንግተን ተጓዙ። በ1969 ጠበቃ ሆነው ሲመለሱ "ሰሜን የሄደ አይመለስም" ሲሉ የነበሩ ሁሉ አፋቸውን ያዙ። በ1971 ከመምህር ራልስተን ትሬድዌል ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ለቤተሰቡ ቀላል አልነበረም። ይሁንና ታሪካቸው ያለዚህ አይሞላም።

በ1987 የቤተ ክርስቲያናችን አባል አቶ ክሌተስ ጉድሎ በከተማው የአምባዛ ዓሣ ፋብሪካ ሲሠሩ በረዶ መፍጫው ማሽን ቀኝ ክንዳቸውን ቆረጠው። ፋብሪካው "ማሽኑ መከለያ ነበረው፤ ጥፋቱ የራሱ ነው" አለ። መከለያውን አለቆቹ ሥራ እንዲፋጠን ብለው ካነሱት እንደሰነበተ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ግን እንጀራ ነውና ማን ደፍሮ ይናገር? ወይዘሮ አርዴሊያ ጠበቃ ቆሙላቸው።

በሕጉ ተከራካሪ በእጁ ያለውን ማስረጃ ለባላጋራው የማሳየት ግዴታ አለበት። ዳኛ ፕሩዊት በየካቲት 1989 ማሽኑ ሳይነካ እንዲቆይና እንዲመረመር አዘዙ። ፋብሪካው ቀን ይጨመርልኝ እያለ ቆየ፤ ወይዘሮ አርዴሊያም እንደ አገሩ የጠበቆች ወግ ፈቀዱለት። በዚያ ጨዋነታቸው ሲቆጩ ኖረዋል። በመጨረሻ ፋብሪካው "ማሽኑ ከትእዛዙ በፊት ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጧል፤ የደረሰበትን አናውቅም" ብሎ በመሐላ አረጋገጠ። ዳኛው ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ መዝገቡን ሰኞ እንደሚዘጉት አስታወቁ።

ቅዳሜው የቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ በዓል ነበር። በፋብሪካው ብየዳ ክፍል የሚሠሩት የወይዘሮ አርዴሊያ ወንድም ዲያቆን ሆሴያ ለበዓሉ ከአሮጌ ብረት ገንዳ ትልቅ የዓሣ መጥበሻ በይደው አምጥተዋል። ወንዶቹ ዙሪያውን ቆመው "በዴልታ እንዲህ ያለ መጥበሻ ካለ ይምጣና ይታይ!" እያሉ ይፎክራሉ። አቶ ክሌተስ ተራቸው ደርሶ ጠጋ ሲሉ ሳህናቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"ወይዘሮ አርዴሊያ፣ ይቺን ስርጉድ በመዶሻ የመታኋት እኔ ነኝ። ክንዴን የበላው ማሽን ገንዳ ይሄ ነው።"

ወይዘሮ አርዴሊያ ጎንበስ ብለው አዩ። የመከለያው ቡሎን መግቢያዎች በአሮጌ ዝገት ተደፍነዋል፤ መከለያው ከተነሳ ዘመን አልፎታል።

"ሆሴያ፣ ይህን ከየት አመጣኸው?"

"አለቃዬ ቆራርጠህ ጣለው አለኝ። እታለም፣ እንዲህ ያለ ብረት ይጣላል እንዴ?"

"መቼ ነው የሰጠህ?"

"የፋሲካ ሰሞን።"

ፋሲካ የዳኛው ትእዛዝ ከወጣ በኋላ ነበር። ዲያቆን ሆሴያም የተናገሩት ነገር የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ፓስተሩ ፈጥነው መጡና "እህት አርዴሊያ፣ ግማሹ ጉባኤ የሚበላው ከዚያ ፋብሪካ ነው። እባክሽ በዓሉ ይለፍ" አሉ።

"ይለፍ፣ ፓስተር። መጥበሻው ግን ከዚህ ንቅንቅ አይልም" አሉና ወንበር አስመጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። የፍርድ ቤቱ ሹም መጥቶ እስኪረከበው ድረስ አልተነሱም። ማንም ሊያነጋግራቸው አልደፈረም፤ ዓሣውም ቀዘቀዘ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ዲያቆን ሆሴያ እህታቸው ቤት ድረስ ሄዱ።

"ስድስት ልጅ አለኝ፣ እታለም።"

"አውቃለሁ። የስድስቱንም ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"አልመሰክርም ብልስ?"

"መጥሪያውን እኔው ራሴ ነኝ የማስልክብህ።"

ሰኞ ዲያቆን ሆሴያ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ፤ እውነቱንም ተናገሩ። የጠየቋቸውም እህታቸው ራሳቸው ነበሩ። ዳኛው "የፍርድ ቤት ትእዛዝ በልመና የሚፈጸም አይደለም" ብለው የፋብሪካው መከላከያ ከመዝገብ እንዲሰረዝ አዘዙ። ፋብሪካው ጥፋተኛነቱን ከእንግዲህ ሊከራከርበት አልቻለም፤ የቀረው የአቶ ክሌተስ ካሳ መጠን ብቻ ሆነ። ዲያቆን ሆሴያ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረሩ።

ወንድምና እህት ለብዙ ዓመታት አልተነጋገሩም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ በቀኝ አንዷ በግራ ተቀምጠው ይዘምሩ ነበር። ወይዘሮ አርዴሊያ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አምባዛ ቀምሰው አያውቁም። በደጅ "ትክክል ሠርቻለሁ" ይሉ ነበር፤ በቤት ግን የወንድማቸው ስም ሲነሳ ያለቅሱ ነበር።

በ2014 ኩላሊታቸው ታሞ እግራቸው ሲደክም፣ አንድ ማለዳ በደጃቸው ብየዳ ተሰማ። ዲያቆን ሆሴያ ከደረጃው ጎን የብረት መደገፊያ እየሠሩ ነበር። "ይሄኛውን ከብረት ሱቅ ነው የገዛሁት፤ ደረሰኝ አለኝ" አሉ። ወይዘሮ አርዴሊያ በሳቅና በዕንባ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ምሳ አብረው ይበሉ ነበር።

ወይዘሮ አርዴሊያ ጥቅምት 22 ቀን 2019 በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ከሣጥኑ ተሸካሚዎች መካከል አቶ ክሌተስ ጉድሎ በቀራቸው ግራ እጅ ስለሚይዙ በቀኝ በኩል ይቆማሉ። ትይዩአቸው ዲያቆን ሆሴያ ናቸው። ሐኪም ከባድ ነገር እንዳያነሱ ከልክሏቸዋል። እባክዎ ለወጣት ይተዉ ቢባሉ "አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው" ብለው እምቢ አሉ።

የተሰወረ ሁሉ በሚገለጥበት ዙፋን ፊት ጌታ በምሕረቱ ይቀበላቸው። አሜን።