ይቅርታ ስለ ጠየቀች ሴት፣ ለቪዛ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ለተከበሩ የሠራተኞች አቤቱታ ጊዜያዊ ቪዛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የማንም ሠራተኛ ዋይታ የማያቋርጠው ይሁን እያልኩ ከአውስትራሊያዋ ሚልዱራ፣ ከብርቱካኑ አገር፣ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከፓስፊክ ደሴት ከቶንጋ መጥቼ በዚህች ከተማ አርባ ዓመት የኖርኩ ጡረተኛ መምህር ስሆን፣ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ለአገሬ ልጅ ለቶኪሉፔ ማሂና ስላደረጉላት ሁሉ ምስጋና ለማቅረብ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሰጧት የስድስት ወር ቪዛ እናመሰግናለን። ቶኪሉፔ በብርቱካን ማሸጊያ ቤት ስትሠራ፣ ሥራው እንዲፈጥን ተብሎ መከለያው የተነሣበት ማሽን የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ወስዶባታል፤ ቪዛውም በአሠሪዋ ላይ ያቀረበችው ክስ እስኪሰማ እዚሁ እንድትቆይ የተሰጠ ነው። ክሱ የሚሰማው ግን ቪዛው ከተሰጠ በዘጠነኛው ወር ነው። ስድስት ከዘጠኝ ማነሱን ለማወቅ ዐሥር ጣት ያለው ሰው ይህን ያህል መቸገሩ አስገርሞኛል።

ሁለተኛ፣ ማራዘሚያ ስትጠይቅ ስለ ከለከሏት እናመሰግናለን። ደብዳቤዎ «አመልካቿ ጥፋቷን በአሠሪዋ ፊት አምናለች» ይላል፤ አሠሪዋም ቃሏን በስልኩ ቀርጾ አስረክቦዎታል። በእኛ ዘንድ ሰው ከከረመበት ቤት ሲወጣ፣ ተበዳዩ ራሱ ቢሆን እንኳ፣ በወገቡ ሰሌን ታጥቆ፣ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ አጥፍቼ እንደሆነ ይቅር በሉኝ ሳይል አይሰናበትም። እኔ በመጣሁበት ዘመን የነበሩት ሽማግሌ ገበሬዎች ይህን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እነርሱም በተራቸው ይቅርታ ይጠይቁን ነበር፤ ያ ወግ ከእነርሱ ጋር ተቀበረ። ቶኪሉፔም እንደ ወጉ፣ እጇ ሙሉ ሳለ የሠራችውን የመጨረሻ ሰሌን ለአሠሪዋ አበርክታ ተሰናበተች። ምን አስበሽ ነው ብዬ ብጠይቃት፣ «ውይ መምህር፣ እርስዎ ደግሞ! ሦስት ዓመት ሰው ቤት ከርሞ ዝም ብሎ ውልቅ የሚል ድመት ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። የደብዳቤዎን ፍሬ ነገር ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ። «እና ስድ ብሆን ኖሮ ነበር የሚያምኑኝ?» አለች። ጥያቄዋን እንዳለ አስተላልፌልዎታለሁ፤ እርስዎ ያውቁ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ አገር ለቃ ጉዳይዋን ከደሴቷ ሆና በስልክ እንድትከታተል ስለ መከሯት ቸርነትዎን እናደንቃለን። በዚያች ደሴት ስልክ የሚሰማው ነፋስ ሲተኛ ብቻ ነው። ቢሰማም፣ የሌለ ጣት ድምፅ የለውም።

የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ዳኛው እጇን በዐይኑ እስኪያይ ትቆይ።

በደጅዎ ቆሞ መጠበቅን እንደ ማዕረግ የሚቆጥር፣ በውሳኔዎ ጥልቀት ዕለት ዕለት የሚደመም፣ የዘወትር አክባሪዎ፣

ኢሲሌሊ ፓሌላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ፈርሜ ሳበቃ ለቶኪሉፔ ሌላ ደብዳቤ ደረሳት። ክሱን የሚሰማው ችሎት ጉዳቷን ለማየት በአካል እንድትቀርብ አዟል፤ ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል። በእርሱም በእርስዎም ደብዳቤ ራስጌ ላይ ያው የመንግሥት ዓርማ፣ ያው ካንጋሮና ያችው ኢሙ የተባለች ወፍ ቆመዋል። ቶኪሉፔ ሕግ አክባሪ ናትና፣ ከሁለቱ ትእዛዞች የትኛውን ብትጥስ ደስ እንደሚልዎ አውሮፕላኗ ሳይነሣ ቢያሳውቋት።