ዱረቲ ኢንተርኔቱን የጠየቀችው

ለውድ እህቴ ለመቲ ኤጄታ
ቤሩት

ከአባትሽ ግቢ፣ ከጉደር፣ የሁላችንም ናፍቆትና ሰላምታ ያለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እንደምን አለሽልን? ጤናሽስ? ባለፈው በስልክ ስትስይ ሰምተን ነበርና ሳሉ ለቀቀሽ ወይ? ልብስ ስትተኩሺ ቆመሽ የምትውይበት ወገብሽስ እንዴት ነው? አሠሪሽ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት እንድትሄጂ ፈቀደችልሽ ወይስ አሁንም እንደ ድሮዋ ናት? ይህን ሁሉ የማከታትልብሽ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ «እሱንም ጠይቃት፣ ያንንም ጠይቃት» እያለች ስለምትጎነትለኝ ነው። እሷ በኦሮምኛ ትላለች፣ እኔ ወደ አማርኛ አዞራለሁ። አንቺና እኔ ፊደል የቆጠርነው በአማርኛ ነውና ደብዳቤ ላይ እጄ የሚፈታልኝ በዚሁ ነው።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን ጣለልን። አባዬ ጆሮው ትንሽ ከበደው እንጂ ጉልበቱ እንዳለ ነው፤ ዛሬም ማሳውን ለሰው አይሰጥም። እማዬም ደህና ናት። ልጅሽ ዱረቲ ደግሞ ከሁላችንም ይልቅ ደህና ናት። ስለ እሷ የምነግርሽ ብዙ አለኝ፤ ግን ከመነሻው ካልጀመርኩት አይጥምምና ትንሽ ታገሺኝ።

ዓብዱልሰላምን አታውቂውም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ከስልጤ አገር መጥቶ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተው። ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ሞባይል ይጠግናል፣ ኢንተርኔት ያስጠቅማል። ኔትወርኩ ሲቀናው ከዓለም ዙሪያ አስገራሚ ቪዲዮ እየፈለገ ያወርድና ለሰው ስልክ ይጭናል። እኔም አስተምሬ ስወጣ እዚያ ጎራ ማለት ለመድኩ፤ እንግሊዝኛው ሲከብደው አግዘዋለሁ፣ እሱም ያገኘውን ያሳየኛል። መቲ፣ ያላየነው ጉድ የለም። በኩምቢው ብሩሽ ይዞ አበባ የሚስል ዝሆን አይተናል። ከውሃ ወጥቶ ጭቃ ላይ የሚራመድ ዓሣ አይተናል። ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ ክዳኑን ከውስጥ ፈትቶ የሚወጣ፣ እጁ ብዙ የሆነ የባሕር ፍጥረትም አለ፤ እሱን ያየ ሰው ዓሣ መብላት ይተዋል።

በገበያ ቀን የሱቁ ደጅ ለሰው አይበቃም። አባዬ መጀመሪያ «ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ውሸት ነው» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ከዚያ አንድ ውሻ ብቻውን የበግ መንጋ ከተራራ ሰብስቦ በረት ሲያስገባ አሳየነው። ድገሙልኝ፣ ድገሙልኝ እያለ አየውና በመጨረሻ «የእኛ ውሻ እንግዲህ የሚያውቀው መብላትና መተኛት ነው» አለ። የአንድ ሩቅ አገር ፏፏቴ ሲያይ ደግሞ «የእኛ የጉደር ፏፏቴ ይህን ባያይ ይሻለዋል፣ አንገቱን ይደፋል» ብሎ የቆመውን ሰው ሁሉ አሳቀው።

ዱረቲን ይዣት እሄድ ነበር። እኩዮቿ ሲሯሯጡ ዳር ቆማ ከምታይ፣ እዚያ ተቀምጣ የሚያስቀውን ብታይ ይሻላል ብዬ ነው። እግሯን ታውቂዋለሽ። እያደገች ስትመጣ ሁለቱም ይበልጥ ወደ ውስጥ ዞሩ፤ የምትረግጠው በውስጥ እግሯ ሳይሆን በእግሯ ጀርባ ነበር፤ ቆዳው እንደ ተረከዝ ደንድኖ ነበር። የዓብዱልሰላም ባለቤት ናፊሳ በጣም ስለምትወዳት ከአጠገቧ አስቀምጣ ስልኳን ትሰጣታለች። ጭቃ ላይ በሚሄደው ዓሣ ስንስቅ ነው አንድ ቀን ዱረቲ ቀና ብላ «በዚህ ውስጥ የሌለ ነገር የለም ብላችሁ የለ?» ያለችን። ዓብዱልሰላም «አዎ፣ የሌለ ነገር የለም» አላት።

«እንግዲያው እንደ እኔ እግር ያለው ልጅ አለ?» አለች።

ናፊሳ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ዓብዱልሰላም ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ቆየና ቀስ ብሎ «ጂራ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። እኔም ስሙን አላውቀውም። በእንግሊዝኛ ወደ ውስጥ የዞረ የሕፃን እግር እንደ ማለት አድርገን ጻፍን። ኔትወርኩ እየሄደ እየቆመ፣ ቪዲዮው እየተንጠለጠለ ጠበቅን። መጣ። ተራራማ አገር ነው፣ የት እንደሆነ አላወቅንም፤ አንድ ልጅ እግሩ ልክ እንደ ዱረቲ ቆልማማ ሆኖ በአባቱ ትከሻ ተቀምጦ ይመጣል። ሐኪሙ እግሩን በእጁ ትንሽ ያቃናና በጀሶ ያስረዋል። ሌላ ጊዜ ይፈታውና ትንሽ ጨምሮ አቃንቶ እንደገና ያስረዋል። መጨረሻ ላይ ልጁ መሬት ላይ ይቆምና ወደ እናቱ ይሄዳል። ዱረቲ እንዲደገምላት በጣቷ አሳየች። ከተደገመ በኋላ «የዚህ ልጅ አገር በአውቶቡስ ይደረሳል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሚልኬሳን ታስታውሽዋለሽ፣ አብሮኝ የተማረውን፤ አሁን አምቦ የጤና ባለሙያ ነው። ሄጄ ብጠይቀው ይህንኑ የሚያክሙ ሐኪሞች እዚሁ አዲስ አበባ እንዳሉ ነገረኝ። የከበደኝ ቤት ማሳመኑ ነው። አንቺ በአራስነትሽ ወጌሻ ለወጌሻ የተንከራተትሽው፣ ሽማግሌዎቹም «ከእናት ሆድ ይዛው የመጣችው አይቃናም» ያሉሽ አልተረሳም። አባዬ «ልጅቷን ተስፋ አታስለምዳት» አለኝ። እማዬ ደግሞ ጎረቤታችን ዱጋሳ እግሩ ቆስሎ ሕክምና ሄዶ ያለ እግር መመለሱ ነው የሚታያት። «እናቷ በሌለችበት በእግሯ ላይ አልፈርድም» አለች። እንግዲያው ለመቲ ደውለን እንንገራት ብላት፣ «ነግረናት ባይሆንስ? በሰው ቤት፣ በሰው አገር ማን ያጽናናታል?» አለችኝ። ይህን ያህል ጊዜ ያልሰማሽው በዚህ ነውና አትቀየሚን።

ቪዲዮውን በስልኬ ጭኜ ቤት አመጣሁት። እማዬ ዓይኗን እያጠበበች አየችው። ልጁ ወደ እናቱ ሲሄድ ሴትዮዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ የሆነ ነገር ትላለች። እማዬ እዚያ ላይ አቁመው አለችኝ። «ምንድን ነው የምትለው?» አለች። እማዬ፣ ቋንቋዋን አላውቅም አልኳት። ሴትዮዋን ትክ ብላ እያየች «እኔም አላውቅም፤ የምትለውን ግን አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና «ውሰዳት። ባይሆን ለመቲ የምነግራት እኔ ነኝ» አለችኝ።

የአዲስ አበባው ሐኪም ደግ ሰው ነው፣ ግን አላባበለኝም። ገና በጨቅላነቷ ቢሆን ይቀል እንደነበር፣ አሁን ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ፣ ሙሉ በሙሉ ይድናል ብሎ ቃል እንደማይገባ ነገረኝ። በየሳምንቱ በጊንጪ በኩል ተመላለስን። ዱረቲ ሁለት እግሯ በነጭ ጀሶ ታስሮ ጭኔ ላይ ትቀመጣለች፤ ተሳፋሪው «ምን ሆና ነው?» ሲለኝ እኔ ሳልመልስ እሷ ትቀድመኛለች። «እየተቃናሁ ነው» ትላለች።

መሐል ላይ ግን ከፋ። ጀሶው ቆዳዋን ላጠው፣ ከዚያም ተረከዟ አካባቢ ያለውን ጅማት በትንሹ መቁረጥ ነበረባቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ጉደር አለቀሰች። እማዬ ይብቃ አለች። ዱረቲ የተቆጣችው ግን በእኔ ነው። «ኤሱማ፣ ዋሽተኸኛል፤ የቪዲዮው ልጅ አላለቀሰም» አለችኝ። ኤሱማ፣ የእናት ወንድም፣ ሆኖ እንዲህ መባል እንዴት እንደሚያም ልነግርሽ አልችልም። እሱም አልቅሷል፣ የሚያለቅስበትን ቆርጠው አውጥተውት ነው አልኳት። አሰበችና «የእኔን እንዳትቆርጡት» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልኬ ስቀርጻት ነበር፤ ስታለቅስም፣ ምግብ አልበላም ስትልም፣ ናፊሳ መጥታ ጀሶው ላይ አበባ ስትስልላትም። ዓብዱልሰላም አገጣጠመው። ልቅሶው እንዳለ አለ።

አሁን ትሄዳለች፣ መቲ። በውስጥ እግሯ እየረገጠች ትሄዳለች። ግራው ገና ትንሽ ያነክሳል፤ እንዳይመለስም ስትተኛ በብረት የተያያዘ ጫማ ታደርጋለች፤ ያንን ስትጠላው አይጣል ነው። ባለፈው እሑድ ጸሎት ቤት ማንም ሳይዛት ገባች። አባዬ ከኋላዋ ነበር፤ መዝሙር ሲጀመር ግን አልገባም፣ ውጭ ግንቡን ተደግፎ ቆይቶ ዓይኑ ቀልቶ ገባ። «ተስፋ አታስለምዳት» ያለኝን አላነሳሁበትም።

ቪዲዮዋን ዓብዱልሰላም ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል፤ ሰዉም በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበለው ሸነን ደርሷል። እንዴት አወቅሁ መሰለሽ፤ ባለፈው ሳምንት ከሸነን አንዲት ሴት አራስ ልጇን አዝላ እየጠየቀች እኛ ቤት መጣች። የሕፃኑ አንድ እግሩ እንደ ዱረቲ ነው። ባሏ አይቃናም ብሏት ቪዲዮውን ስታሳየው «ይሄ የፈረንጅ ነው» አላት፤ እሷም «ልጅቷ እኮ በኦሮምኛ ነው የምታለቅሰው» ብላው ነው የመጣችው። ዱረቲ አጠገቧ ተቀምጣ እግሯን አስነካቻት። «ያማል፣ ግን ያልቃል» አለቻት። ሚልኬሳ ወደ ሐኪሞቹ ልኳቸዋል።

ይህን ደብዳቤና ቪዲዮው ያለበትን ሚሞሪ ካርድ ከቤሩት ለዕረፍት መጥታ የነበረችው የጊንጪዋ ጥሩሰው ታደርስልሻለች። ውሻውንና ዝሆኑንም ጭኜልሻለሁ፤ የዱረቲን ግን ብቻሽን ስትሆኚ እዪው። መጀመሪያው ላይ ልብሽ እንዳይሰበር፣ እስከ መጨረሻው እዪው።

አባዬ «እግዚአብሔር በክንፉ ይጋርድሽ፣ ወገብሽን አትጣይው» ይልሻል። እማዬ ከፊትሽ እስከ እጅሽ ትስምሻለች፤ የቀረውን በስልክ ራሷ ልትነግርሽ ሰንቃለች። ዓብዱልሰላምና ናፊሳ ሳያውቁሽ ሰላም ብለውሻል። ሚልኬሳም እንደዚሁ። አብረውሽ ላሉት የአገር ልጆች የሁላችንን ሰላምታ ንገሪልን።

ዱረቲ በመስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ጫማ የምትልክልኝ እናቴ ናት ብላለች። ልኳን እንድታውቂው ወረቀት መሬት ላይ አንጥፌ አቆምኳትና በእርሳስ ዞርኩላት፤ ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ። እስክሪብቶ አምጣ ብላ ተረከዙ ላይ ነጥብ ያደረገችው ራሷ ናት። እዚህ ድረስ መሬት እንደሚነካ እናቴ ትይ አለች።

ወንድምሽ ጂራ ኤጄታ
ጉደር፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2005 ዓ.ም.