በአማካይ ደህና

ሰኞ፣ መጋቢት 2
እናቴ ዛሬም በር ላይ ያዘችኝ። «ልብስ ላስጣ? ይዘንባል?» እኔ እንጃ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያለውን ብትጠይቂኝ ይሻላል፣ አልኳት። «አይ የደመናዋ ምሁር!» ብላ ሳቀችብኝ።
ቢሮ ያው ነው። ኮምፒውተሩ ዓለምን በትልልቅ ሳጥን ከፋፍሎ ነው አየሩን የሚያሰላው። አንዱ ሳጥን ብቻውን ከተማችንን ከነዳርቻዋ ይውጣል። ትንንሽ ደመናዎች እዚያ ውስጥ አይታዩትም። እነሱን በቀመር መተካት የኔ ሥራ ነው... ስድስት ዓመት። ደክሞኛል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5
አገኘሁት! በቀመሬ ደመናው ገና ሳያድግ በካፊያ ያልቅ ነበር። አስተካከልኩት። አሁን ቀስ ብሎ ይቆለላል፣ ከሰዓት በኋላ ዶፉን ይለቀዋል። እንደ እውነተኛ ደመና።

አርብ፣ መጋቢት 6
ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ዓለሜ ቀዘቀዘች። ደመናው ስለቆየ ፀሐይዋን መለሳት... ለካ የድሮው ስህተቴ የሌላውን ክፍል ስህተት ሲሸፍን ኖሯል! የኔን ባርም የሁላችንም ሥራ ተበላሸ። ይሄ ለማን ይነገራል?

ሰኞ፣ መጋቢት 9
አለቃዬ ውጤቱን አየ። ከዚያ...
«የድሮውን መልሺው።»
«ስህተት ነው እኮ!»
«በአማካይ ደህና ነበር። ቅዳሜ ሥራውን ለበላዮቻችን እናቀርባለን። ካልመለስሽው ያንቺን ክፍል አውጥተን የሌሎቹን ብቻ እናስገባለን።»
ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ደክሞታል።
እራት ላይ እናቴ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። «በአማካይ» አልኳት። ይሄ ቃል አፌ ላይ የተለጠፈው መቼ ነው?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10
አለቃዬን አልመልሰውም አልኩት። «እንግዲያው ወጥቷል» አለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14
ቤት ነኝ። እነሱ እያቀረቡ ነው፣ ያለ እኔ ደመና።
ጠዋት እናቴ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዛ «ላስጣ?» አለች። ዛሬስ ልይላት ብዬ ግቢ ወጣሁ። ሰማይ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ጥግ ላይ አንዲት ትንሽዬ ደመና፣ ብቻዋን። «አስጪው፤ ይቺ ምንም አታመጣም።»
ከምሳ በኋላ ዶፍ! ልክ አዲሱ ቀመሬ እንደሚለው... የራሴን ሥራ ራሴ አላመንኩትም። ተሯሩጠን ልብሱን ሰበሰብን። «ስድስት ዓመት የለፋሽው ለዚህ ነው?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ስስቅ እንባዬ መጣ።
«ምነው ልጄ? ደህና አይደለሽም እንዴ?»
በአማካይ ልላት ነበር።
«አይደለሁም፣ እማዬ።»
ሳፋውን አስቀመጠችና አጠገቤ ተቀመጠች።