ትልቁን ፍላሽ ይዤው ሄጃለሁ

ወንድምዓለም፣

ፍለጋ እንዳትደክም፦ ትልቁን የውሃ ውስጥ ፍላሽ፣ የካሜራህን መብራት፣ ይዤው ሄጃለሁ። ሁለቱ ትንንሾች አልጋህ ላይ ናቸው፤ ባትሪያቸውን ሞልቻለሁ።

አትቆጣ! ትናንት ያን ጉድ ካሜራው ላይ ለጥፈህ ባለ በሌለ ኃይሉ ስታበራው፣ ውሃው ውስጥ ያለው ደቃቅ ቆሻሻ ሁሉ አብሮ በራ። ፎቶው ላይ ዓሣዋ ዱቄት ውስጥ ተንከባልላ ልትጠበስ የተዘጋጀች መሰለች።

ውሃ ብርሃን ይበላል፤ ግን ጉልበት ብቻውን አያዋጣም። ዓሣዋን ተጠጋት፣ ኃይሉን ቀንስ፣ መብራቶቹን ከካሜራው ግራና ቀኝ ራቅ አድርጋቸው።

አለቃህ «ፎቶው ነገም ካላማረ ሌላ ሰው አመጣለሁ» ሲልህ ትናንት ሰምቻለሁ። መስማቴን ያልነገርኩህ እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።

ትናንት በሰው ፊት መሳቄ ግን...

እሺ፣ የዛሬዋን ፎቶ ከሁሉ በፊት ለእኔ ላክልኝ። ብስቅ እንኳ ብቻዬን ነው።

እህትህ