የቱም ፖስታ የሚነሣበት ቀን

ሰኞ፣ ኅዳር 9

እትዬ ዘይነባ ዛሬም መጡ። ጥያቄያቸው ያው ነው፤ ወደ ቱም የሚወርደው ፖስታ መቼ ይሄዳል? መልሴም ያው ነው፤ በንግድ ምስጢርነት የተያዘ ስለሆነ ለመግለጽ እንቸገራለን። ይህን ስናገር ድምፄ ሳልፈልግ ይወፍራል። ዣንጥላቸው ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፤ እሳቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ሲሄዱም ዓይናቸውን ትተውብኝ የሄዱ ይመስለኛል።

ነገሩን ከነሥሩ ልጻፈው፤ ነገ ሳነበው ያበድኩ እንዳይመስለኝ።

ድሮ የፖስታ ቤት ቅርንጫፋችን መኪና ሐሙስ ሐሙስ ከሚዛን ተነሥቶ ወደ ቱም ከተማ ይወርድ ነበር። አምና ተበላሽቶ ቆመ። መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤና ዕቃ የሚያደርስለት አንድ የግል አጓጓዥ ፈልጎ ተዋዋለ። አጓጓዡ የቡናና የኮረሪማ ነጋዴ ነው። የጭነት መኪናው ባዶውን ወርዶ ጭኖ ይመለሳል፤ ባዶውን ከሚወርድ የእኛን ጆንያ ይዞ ይውረድ ተባለ። እስከዚህ ድረስ ብልህነት ነው። ግን መኪናው የሚነሣበትን ቀን ሌሎች ነጋዴዎች ካወቁ ተከትለው ወርደው ዋጋ ይሰቅሉበታል። ስለዚህ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ገባ፤ የአጓጓዡ ማንነት፣ መጋዘኑና የጉዞ ቀኑ የንግድ ምስጢር ነው።

እኔ የቅርንጫፉ የመረጃ ባለሙያ ነኝ። ሕጉ ለሕዝብ መረጃ ስጥ ይለኛል፤ ውሉ አፍህን ያዝ ይለኛል። ደመወዝ የሚከፈለኝ በሁለቱ መካከል ቀጥ ብዬ እንድቀመጥ ነው።

የአጓጓዡን ማንነት ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ምስጢሩን ያወጡት ደብዳቤዎቹ ናቸው፤ ሁሉም ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታሉ።

እትዬ ዘይነባ ገበያው ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላቸው። እኅታቸው ነፊሳ ቱም ነው የተዳረችው። የሚጥል በሽታ አለባት። ክኒኑ ቱም አይገኝም፤ ሰሞኑን ሚዛንም ጠፍቷል። የእትዬ ልጅ ጅማ ፈልጎ አገኘና ላከላቸው። እሳቸው ለእኛ አስረከቡ፤ እኛ ለአጓጓዡ። ከዚያ ወዲያ ያለው ምስጢር ነው።

ነፊሳ እጅ ላይ ያለው ክኒን ዓርብ ያልቃል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

እትዬ በጽሑፍ አመለከቱ። የውሉ ቅጂ ይሰጠኝ ይላሉ፤ ጎረቤታቸው መምህር ነው የጻፈላቸው፤ የመረጃ አዋጁንም ጠቅሶላቸዋል።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግርማ ማመልከቻውን ቆመው አነበቡት። ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለት ትእዛዝ ሲጋጭባቸው ሁለቱንም ይፈጽማሉ እንጂ አንዱን አያስቀይሙም።

«ሕጉ ስጡ ይላል፤ ውሉ አትስጡ ይላል» አሉ። «እንግዲህ ሰጥተን አንስጥ።»

ሰጥቶ አለመስጠት የሚከናወነው በጥቁር ማርከር ነው። ጠዋቱን ሙሉ ተቀምጬ ውሉን ሳጠቁር አረፈድኩ። ከማርከሩ የተረፉት፦

«ይህ ውል» የሚለው።
«በመልካም ፈቃድ»።
«ተዋዋይ ወገኖች»፤ ማንነታቸው ግን ሄዷል።
ብዙ «እና»።
ማኅተሙ፣ ግማሹ።

ማርከሩ መሐል ላይ አለቀ። ንብረት ክፍል ሌላ ስጠይቅ ለምን ሥራ ነው ተባልኩ። ለግልጽነት ሥራ ነው አልኩ። ፈርሜ ወሰድኩ።

መጨረሻው ገጽ ላይ «የጉዞ ቀናት በአባሪው በተዘረዘረው መሠረት ይሆናሉ» ይላል። አባሪውንም ላጠቁር ገለበጥኩ። የለም። ፋይሉን አራገፍኩ። የለም። አቶ ግርማን ስጠይቃቸው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው አሉኝ። ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ ትሑት ናት፤ አባሪውማ እናንተ ጋ ነው አለችኝ። እነሱ ምስጢር ነው ብለው አልከፈቱትም፤ እኛ ምስጢር ነው ብለን አልጠየቅንም።

የጉዞ ቀን የሚባል የለም ማለት ነው። ተጽፎ አያውቅም። መኪናው የሚነሣው ነጋዴው ታች ቡና ደርሷል የሚል ስልክ ሲደወልለት ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ የጠበቅሁት ክፍል ባዶ ነበር። ሰው ያለበት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልፈራሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ቅጂውን ሰጠኋቸው። በሁለት እጅ ነው የሰጠሁት፤ ሥነ ሥርዓት አይጓደል ብዬ።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ገጽ አዩ፣ ሌላውን አዩ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃኑ ለማየት ሞከሩ። ማርከሩ ጥሩ ነው፤ ምንም አያሳልፍም።

«ይሄ የማን ለቅሶ ነው?» አሉኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

ቀን የለውም ልላቸው አፌ ድረስ መጣ። ግን ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሜያለሁ። የሌለ ነገር አለመኖሩን መናገር ምስጢር ማውጣት ነው ወይስ አይደለም? ይህን ጥያቄ ለሕግ ክፍል በደብዳቤ ማቅረብ እችላለሁ። ደብዳቤው በፖስታ ነው የሚሄደው።

አልነገርኳቸውም። ወረቀቱን አጣጥፈው ነጠላቸው ሥር ከተው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባለጉዳይ እንግዳ መቀበያው ጋ አግዳሚ ወንበር ገለበጠ። ድምፁን ስሰማ ዘልዬ ተነሣሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ብዕሬን የፈለግሁ አስመሰልኩ። ነፊሳን አይቻት አላውቅም። መልኳን ግን አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው የማያት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ከተማው በሙሉ ጥራጊውን ሰብስቦ ይለኩሳል፤ የሚዛን ዝናብ ደግሞ እየተከታተለ ያጠፋል። እሳት የለም፣ ጭሱ ብቻ ነው ያለው። የምኖረው በቱም መውጫ በኩል ስለሆነ ወደ ሥራ ስሄድ መንገዱ ሳይታየኝ በእግሬ እየዳበስኩ ነው የሄድኩት።

መገንጠያው ጋ ስደርስ ጭሱ ውስጥ ሰዎች ቆመዋል። ዛሬ ሐሙስ መሆኑን ያኔ አስታወስኩ።

የድሮው ሾፌር እዚህ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ይነፋ ነበር። ከየቡና ማሳው መሐል ሰዉ ብቅ ይላል፤ ሳጥን ቁጥር የለውም፣ አድራሻ የለውም፤ ሾፌሩ በመስኮቱ ስም እየጠራ ይሰጣል፣ የሚላከውን ይቀበላል። ያ ከቀረ ዓመት ሆነው። እነዚህ ግን አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ይወጣሉ። የነገራቸው የለም። ማስታወቂያ አርቅቄ ነበር፤ አልጸደቀም። የሐሙሱ ቀርቷል ካልን ታዲያ አሁን መቼ ነው ይሉናል፤ መቼ እንደሆነ ደግሞ ምስጢር ነው።

ደብዳቤውን በፌስታል የጠቀለለ አንድ ሽማግሌ ወደኔ ቀረቡ። አማርኛውን ቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት። ጡሩምባ ሰማህ ወይ አሉኝ።

«አልሰማሁም አባባ» አልኳቸው።

ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ፣ ከጭሱ ውስጥ፣ እንደ ድሮው። የድሮው መኪና ግን ግቢያችን ውስጥ ጎማው ተፈትቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ቢሮ እንደገባሁ ሄጄ አየሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ይህን ለማንም አልናገርም። በምስጢር አንቀጹ ሥር ይመዝገብልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

እትዬ ዘይነባ ገና በሩ እንደተከፈተ መጡ። ዛሬ ቀን አልጠየቁም፤ አልተቀመጡምም። ደረሰኛቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ መረጃችሁን ተዉት። ዕቃዬን መልስልኝ።»

እኔ ሕግ እያልኩ፣ ውል እያልኩ፣ ምስጢር እያልኩ ስዞር ይቺ ነገር አጠገቤ ተቀምጣ ኖራለች። የተላከ ዕቃ ተቀባዩ እጅ እስኪገባ ድረስ የላኪው ነው። ላኪው ደረሰኝ ይዞ መልሱልኝ ካለ ይመለስለታል። ይህ ከሁላችንም በፊት የነበረ የፖስታ ደንብ ነው፤ መልሱልኝ የሚል ሰው ጠፍቶ ነው የረሳነው።

አቶ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«መረጃ ጠይቀዋል?»

«አልጠየቁም። ዕቃ ነው የጠየቁት።»

«መረጃ ካልሆነማ...» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከሳቸው ይህ ፊርማ ማለት ነው።

የመጋዘኑን ቦታ ውሉ ላይ ራሴ ስላጠቆርኩት ዛሬም አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምታፈላው ልጅ በማንኪያዋ አሳየችን።

መጋዘን ጠባቂው ወገቡ ላይ እጁን አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ቦታው ምስጢር ነው፣ ማን ነገራችሁ አለ። እትዬ ሳይቆሙ «አፍንጫዬ» ብለውት በብብቱ ሥር አለፉ።

የእኛ ጆንያዎች ከኮረሪማ ጆንያ ሥር ነው ያሉት። ሥር ስል ከታች ማለቴ ነው፤ ወለሉ እርጥብ ነው። ጠባቂው እያጉረመረመ የላዩን አነሣልን። የመጀመሪያውን ፈታሁ፤ የለም። ሁለተኛውን ፈታሁ። የእትዬ ካርቶን ማዕዘኑ በስብሷል። እትዬ ራሳቸው ቀደዱት። ክኒኑ በላስቲክ ታሽጎ ስለነበር አልረጠበም። ጡታቸው ሥር ከተቱት፤ አላመሰገኑኝም፤ ደግ አደረጉ።

ወደ ቱም የሚሄደው የሕዝብ መኪና በጠዋት ሄዷል። እትዬ ነገ ነው የሚሄዱት፤ ራሳቸው ይዘውት። ነፊሳ እጅ ያለው ክኒን ደግሞ ዛሬ ያልቃል።

ጆንያውን መልሼ ሳስር የሌሎቹን ስም አየሁ። ማየት አልነበረብኝም። ለጤና ረዳት፣ ለአንዲት ወይዘሮ በቤተ ክርስቲያን በኩል፣ ለአንድ ተማሪ በትምህርት ቤቱ በኩል። ቀለሙ ረጥቦ ለቋል፤ አንዳንዱ ስም ፊደሉ ተበልቶ አልቋል። ጆንያውን አስሬ ተነሣሁ። ስሞቹ ግን እዚያ አልቀሩም። ይህን ስጽፍም በየተራ ይጠራሉ፤ አቤት የሚል የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

እትዬ ሄደዋል። መናኸሪያ ሄጄ የተሳፈሩበትን መኪና ጠየቅሁ፤ ከሾፌሩ ጎን ወንበር እንደያዙ ተነገረኝ። ወደ ታች ከባድ ዝናብ ነው። ቱም ኔትወርክ እንደ ልብ አይገኝም። ብደውልም የቴሌዋ ልጅ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ብቻ ነው የምትለኝ።

ግማሽ ቀን ሥራ ነበር። አቶ ግርማ ጠሩኝ። ስለ ትናንቱ ነገር ለሰው አታውራ አሉ፤ ሁሉም ዕቃዬን መልሱ ካለ አጓጓዡ ምን ይዞ ይሄዳል? ሲናገሩ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አሸሹ።

እኔም በሙሉ አክብሮት ጠየቅኋቸው። «ደንቡም የንግድ ምስጢር ሆኗል?»

ለረጅም ጊዜ አሰቡ። «ገና ነው» አሉ።

ገና ከሆነማ አልኩና፣ ደንቡ ምስጢር ከመሆኑ በፊት ለመቅደም ቢሮዬ ገብቼ ጻፍኩ። «የላካችሁት ዕቃ እስኪደርስ ድረስ የእናንተ ነው። ደረሰኝ ይዛችሁ ብትመጡ ይመለስላችኋል።» በዚያው በጥቁሩ ማርከር ነው የጻፍኩት። በሩ ላይ ለጠፍኩት። አንዲት ሴት አነበበችው፤ እንደገና አነበበችው፤ በስልኳ አነሣችው። አቶ ግርማ ሲወጡ አዩት። አልቀደዱትም። አላየሁም ለማለት እንዲመቻቸው ዣንጥላቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤት ስገባ ግን ባለቤቴ ድስት ከመደርደሪያ አወረደች፤ ክዳኑ ወደቀ፤ እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜ ነበር። ምነው አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ነፋስ፣ መቆራረጥ፣ ከዚያ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ። ኔትወርክ ፍለጋ ነፊሳን ይዘው ከፍታ ላይ ወዳለ የጎረቤት ቤት ወጥተዋል።

ትናንት ከቀትር በኋላ ወድቃለች። ምድጃ አጠገብ ነበረች። ቀኝ እጇን እሳት ነክቶታል፤ ጤና ጣቢያ አጥበው አስረውላታል። እትዬ የደረሱት አመሻሹ ላይ ነው። ክኒኑን ራሳቸው አፏ ውስጥ አደረጉላት። ዛሬ ጠዋትም ወስዳለች። በእግሯ ነው የወጣችው፤ አሁን አጠገባቸው ተኝታለች።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሳይቆጡ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ደርሶ ቢሆን፣ ማክሰኞ ነግሬያቸው ቢሆን፣ ረቡዕ እንኳ ነግሬያቸው ቢሆን እያልኩ በልቤ ቀኖቹን ወደኋላ እቆጥራለሁ፤ እሳቸው ግን ወደፊት ሄደዋል።

«የሚመጣውን ወር ክኒን ልጄ ከጅማ ይልካል። ከሚዛን መቼ ብሰጣችሁ ይደርሳል?»

ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፤ የጎረቤት ሰው ነበር፤ በሩም ክፍት ነው።

«ቀን የለውም እትዬ» አልኳቸው። «ኖሮትም አያውቅም። ነጋዴው ደስ ሲለው ነው የሚሄደው። ለእኛ አይስጡን፤ በሰው ይላኩት።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግሁት። አልተቋረጠም። በጣም ቀርቦ የሚሰማ፣ እኩል እኩል የሚወጣና የሚገባ የተኛ ሰው ትንፋሽ አለ። እትዬም እሱን እያዳመጡ ነበር መሰለኝ። ማንኛችንም ቀድመን አልዘጋንም።