የወጌሻው ዕርቅ

ረቡዕ

ፎቶግራፌን ገበያ በር ላይ ሰቅለው አዋረዱኝ። በፊቴ ላይ ቀይ መስመር፣ ከሥሩ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት»። የጤና ድርጅቱ ሰዎች ናቸው። ሲያነሡኝ «ለማስታወሻ ነው አባባ» ብለውኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተሰበረ ስጠግን ኖሬ፣ ከዚያ ፎቶ ወዲህ የላሊበላ ሰው ሲያየኝ ልጁን ወደ ኋላው ይስባል። ወጌሻነትን ማንም አላስተማረኝም። በበግ አጥንት ተማርሁ፤ ፊደልም እንዲሁ፣ ብቻዬን።

ዛሬ ደብዳቤ ላኩ። ከአገር በቀል ዐዋቂዎች ጋር ዕርቅ ለማውረድ ቃል ገብተዋል። የሆቴል አዳራሽ፣ ምሳ፣ ፊርማ። ደብዳቤውን ያመጣችው ልጄ በላይነሽ ናት፤ ክሊኒካቸው ካርድ ክፍል ትሠራለች።

«አባዬ፣ እርስዎ እንቢ ካሉ እነሱ እኔን በምን ዓይን ያዩኛል?»

«በሁለቱም» አልኋት። አልሳቀችም።

በገበያ የተሰደበ በአዳራሽ አይታረቅም። አልሄድም።

ሐሙስ

ሽማግሌ ላኩብኝ። አምስት ናቸው፤ ፊት ፊት የንስሐ አባቴ መምሬ ጥጋቡ። ደጄ ላይ ተቀመጡ። እንደ ወጉ፣ እሺ ሳልል አይነሡም፤ እህል አይቀምሱም። እኔም ተራምጃቸው አልወጣም። ገብሱ ሳይታጨድ ቆሟል። በሬዎቹን ጎረቤት አጠጣልኝ።

ተሲያት ላይ አብሮ አደጌ አያ ገበያው ከሽማግሌዎቹ መካከል ሆኖ ጮኸ፦ «የሰው አጥንት ታቃናለህ፤ ያንተን አንገት ማን ያቅናው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም በሩን ዘግቼ ሳቅሁ።

ዓርብ

ዛሬ ጾም ነው፤ እህል እንቢ ማለቱ ቀለላቸው።

የድርጅቱ ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ ራሱ መጣ። ወጣት ነው፤ አነጋገሩ ትሕትና አለው። ወጥቼ ልሰማው ነበር። ከኋላው ካሜራ የያዘ ሰው አየሁ። ተመልሼ በሩን ቀረቀርሁ።

«አባቴ፣ ለሪፖርት ብቻ ነው» አለ ከውጭ።

«ያን ጊዜም ለማስታወሻ ብቻ ነበር!»

በበሩ ስንጥቅ ቁርጡን ነገርኋቸው። ዶክተሩ ነገ ቅዳሜ፣ ገበያው መካከል፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ እንደ ማንኛውም በዳይ ይቅርታ ይጠይቀኝ። ካሜራ የለም።

ዶክተሩ «ድንጋዩ ምን ያህል ይሁን?» ብሎ ጠየቀ። ከልቡ ነው።

«እንደ ጥፋትህ» አለው አያ ገበያው።

መምሬ ጥጋቡ ግን ወደ በሩ ተጠግተው «ነገም እንቢ ካሉ ሌላ የንስሐ አባት ይፈልጉ» አሉኝ። ደጅ ሽማግሌ፣ ቤት የልጄ ዓይን፣ አሁን ደግሞ ነፍሴ። መውጫ የለኝም።

ቅዳሜ

መጣ። ዶክተሩ ድንጋዩን በጫንቃው ይዞ ጨው ሻጮቹ መካከል አጎነበሰ። 

«ሳናውቅዎት፣ ሳንጠይቅዎት አዋረድንዎት» አለ።

በቂዬ ነበር። ላወርድለት እጄን ወደ ድንጋዩ ዘረጋሁ። አያ ገበያው ክንዴን ያዘኝ።

«ቆይ። ወጉ ሁለቱንም ወገን መጠየቅ ነው። አንተስ በዚህ ሥራህ የበደልኸው የለም?»

እዚህ ደብተር ላይ ያልጻፍሁት ነገር አለ። የከፋለ እጅ። ልጅ ሳለ ተሰብሮ አመጡልኝ፤ አጥብቄ አሰርሁት። ጣቶቹ ሲጠቁሩ እናቱ ክሊኒክ ልውሰደው ብላ ለመነችኝ። «እኔ እያለሁ?» ብዬ ከለከልኋት። እጁ ተቆረጠ። እስከ ዛሬ ነገሩን ፊት ለፊት ያነሣብኝ ሰው የለም። ከፋለ አሁን ጎልማሳ ነው፤ እዚያው ቆሟል፣ ባንድ እጁ በግ ይዞ።

ዕርቁ አደባባይ ካልሆነ ያልሁ እኔ ነኝ። ወዴት ልሂድ?

ድንጋዩን ከዶክተሩ ጫንቃ አወረድሁ። መሬት ግን አላስቀመጥሁትም። በራሴ ጫንቃ አድርጌ ወደ ከፋለ ሄድሁ።  ከፋለ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ በጉን ለሰው አስያዘና ድንጋዩን ባንድ እጁ አወረደልኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። 

ሽማግሌዎቹ መርቀው ዘጉት። ከእንግዲህ ነገሩን የሚያነሣ እሱ በዳይ ነው ብለው።

እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ በላይነሽ «አባዬ፣ የከፋለን ነገር ለምን ነግረውኝ አያውቁም?» አለችኝ። «ነገሩ ትናንት በዕርቅ ተዘግቷል» አልኋት። ዶክተሩም ክሊኒኩ ውስጥ አብረን እንሥራ ብሎ ልኮብኛል። ለእሱ መልስ አስብበታለሁ።

ስለ ፎቶው፣ ስለ እጁ ግን ማንም ቢጠይቀኝ አልናገርም። ልጄም ብትሆን። እዚህም አልጽፍም።